ከንጉሡ ጎን የቆሙ አሜሪካውያን፦ «ባንዳ» ነበሩ ማለት ይቻላል?

የፖቶማክ ዳር (ክሩን የጀመረ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው፤ ታገሱኝ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።

ባለፈው ወር የአሜሪካ ዜግነት መሐላ ፈጸምኩ። ቀኝ እጃችንን አንስተን ቃሉን ስንደግም አንድ ቦታ ላይ ድምፄ ሰለለ። እስካሁን ተገዥው ወይም ዜጋው ለነበርኩበት ለማንኛውም የውጭ ልዑልና መንግሥት ያለኝን ታማኝነት ሙሉ በሙሉ ትቻለሁ የሚለው ጋ። አጠገቤ የቆሙ እናት እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

ማታ ቤት ገብቼ ይህ «ልዑል» የሚል ቃል እዚህ ምን ይሠራል ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። የ1795ቱ የዜግነት ሕግ ውስጥ አለ። ከዚያ ወደ ኋላ ስሄድ ደግሞ የነጻነት ጦርነቱ ዘመን መሐላዎች ጋ ደረስኩ። ፔንሲልቬንያ በ1777 ባወጣችው ሕግ ዕድሜው ከ18 በላይ የሆነ ነጭ ወንድ ሁሉ ንጉሥ ጆርጅ 3ኛን ክዶ ለአዲሱ መንግሥት መማል ነበረበት። አልምልም ያለ አይመርጥም። ያበደረውን ገንዘብ ከስሶ አያስመልስም። መሬት አይገዛም። መሣሪያ አይዝም።

እኔ ለፈተናው ያጠናሁት ወረቀት ላይ እንግሊዝ አንድ ወገን፣ አሜሪካኖች አንድ ወገን ናቸው። ነገሩ እንደዚያ አልነበረም። በጊዜው በ13ቱ ቅኝ ግዛቶች 2.5 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ይኖር ነበር። የታሪክ ጸሐፊዎች ከነጩ ሕዝብ አንድ አምስተኛ ያህሉ ለንጉሡ ታማኝ ነበር ይላሉ። ጦርነቱ ሲያልቅ ወደ 60,000 ሰው አገሩን ለቆ ተሰደደ።

እዚህ አጠገባችን ሜሪላንድ ውስጥ ጆናታን ባውቸር የሚባል የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነበር። የጆርጅ ዋሽንግተንን የእንጀራ ልጅ ያስተማረ ሰው ነው። በ1775 ሲሰብክ የጎረሱ ሽጉጦች መስበኪያው ትራስ ላይ አስቀምጦ ነበር። ሰሚዎቹ የሚያውቃቸው ምእመናን ናቸው፤ የሚፈራውም እነሱን ነው።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። እነዚህን ሰዎች በእኛ ቋንቋ ምን እንበላቸው? ባንዳ? ወይስ ሌላ ቃል አለ?

---

ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ እንኳን ደስ ያለህ። እንባ ያወጡት እናትም ደግ አደረጉ። መሐላ ቀላል ነገር አይደለም።

ታሪክ ሳስተምር ኖሬያለሁና ስለ ቃሉ ልናገር። ባንዳ የሚለውን ያወረሰን የጣልያን ወረራ ነው። ባሕር ተሻግሮ የመጣ ባዕድ ጦር ነበር። ለእነዚህ ሰዎች ግን ጆርጅ 3ኛ ባዕድ አልነበረም። የተወለዱት በእሱ ግዛት ነው። የተዳኙት በእሱ ስም ነው። እሑድ እሑድ ስሙ ተጠርቶ ይጸለይለት ነበር። ካህኑ ሲካን ለንጉሡ ምሏል። በ1776 ያንን ጸሎት ዝለል ሲባል መሐላውን አፍርስ መባሉ ነው። ብዙዎቹ ቤተ ክርስቲያኑን ዘግተው ሄዱ።

አመፀኞቹ ራሳቸው ቢሆኑ በአንድ ጀምበር አልቆረጡም። ሌክሲንግተን ላይ ጥይት የተተኮሰው በኤፕሪል 1775 ነው። ኮንግረሱ፣ ማለትም የቅኝ ግዛቶቹ ተወካዮች ጉባኤ፣ ግን በጁላይ ለንጉሡ የልመና ደብዳቤ ላከ። ንጉሡ ደብዳቤውን ሳይቀበል አመፀኞች ናችሁ ብሎ አወጀ። ስለዚህ ከሀዲው ማን ነው የሚለው ጥያቄ በ1775 መልሱ ገና አልተወሰነም ነበር።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የፍራንክሊን ቤት ነው። ቤንጃሚን ፍራንክሊንን ሁላችሁም በመቶ ዶላሩ ላይ ታውቁታላችሁ። ልጁን ዊልያምን ስንቶቻችሁ ታውቁታላችሁ? በ1752 አባቱ በመብረቅ ዝናብ ካይት አብርሮ ሲሞክር አብሮት የነበረው ዊልያም ነው። አባቱ ለንደን ወስዶ ሕግ አስተማረው። በ1763 የንጉሡ ተሿሚ ሆኖ የኒው ጀርሲ ገዥነቱን ያዘ። አመፁ ሲመጣ አባት ወደ ኮንግረሱ ሄደ፣ ልጅ በሹመቱ ጸና። የማለው ለንጉሡ ነዋ።

በጁን 1776 አሰሩት። በኋላ ኮነቲከት ውስጥ ወራት ሙሉ ብቻውን በጠባብ ክፍል ተዘጋበት። ሚስቱ ኤልዛቤጥ ኒው ዮርክ ውስጥ ታማ ነበር። ልያት ብሎ ዋሽንግተንን ለመነ። ዋሽንግተን ለኮንግረሱ አስተላለፈለት። ኮንግረሱ ከለከለ። እሷም ሞተች።

ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1784፣ ዊልያም ለአባቱ የዕርቅ ደብዳቤ ጻፈ። አባትየው በመለሰው ደብዳቤ በስተርጅና አንድ ልጄ ጥሎኝ መሄዱን፣ ጥሎኝ መሄድ ብቻ ሳይሆን መሣሪያ ማንሣቱን ያህል የጎዳኝ ነገር የለም አለው። በ1785 ሳውዝሃምፕተን ላይ ተገናኙ። የተነጋገሩት ስለ ዕዳና ስለ መሬት ነበር። በ1790 ፍራንክሊን ሲሞት ለልጁ የተወለት እዚህ ግባ የማይባል ነገር ነው። ምክንያቱንም በኑዛዜው ጻፈ፤ ልጄ ሊያሳጣኝ ከሞከረው ሀብት ከዚህ በላይ አልተውለትም ብሎ። የልጅ ልጁ ቴምፕል ደግሞ በጦርነቱ ጊዜ ፓሪስ ላይ የአያቱ ጸሐፊ ነበር። ሦስት ትውልድ፣ አንድ ደም።

አገር ሲሠራ እንዲህ ያለ ጠባሳ ይቀራል። ለዊልያም ባንዳ የሚለው ቃል አይመጥነውም።

---

የአርበኛ የልጅ ልጅ

መምህር፣ በአክብሮት ነው የምከራከርዎት።

አያቴ አምስቱን ዓመት ዱር የኖረ ሰው ነው። ታላቅ ወንድሙ ጣልያን ቤት ገብቶ ነበር። ከድል በኋላ በአንድ መንደር ሠላሳ ዓመት ኖሩ። አያቴ ወንድሙ ሲያልፍ ፊቱን ያዞር ነበር። ቀብሩ ላይ ግን ቆሞ አፈር አለበሰው። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው «ሁለቱም ምክንያት ነበራቸው» የሚል ነገር ሲሰማ ሆዱ ይላወሳል።

ጦርነት ሲመጣ ሰው ይመርጣል። ቤኔዲክት አርኖልድን ተመልከቱ። በ1777 ሳራቶጋ ላይ እግሩን ሊያጣ እስኪደርስ የተዋጋ ጀግና ነው። በ1780 ዌስት ፖይንት የሚባለውን ምሽግ ለእንግሊዝ ሊሸጥ በገንዘብ ተደራደረ። ሴራው ሲነቃበት አመለጠ። በ1781 የእንግሊዝ ጦር እየመራ ኒው ለንደንን አቃጠለ። ከተወለደበት ከተማ ጥቂት ማይል ብቻ ርቆ! ይሄ ባንዳ ካልሆነ ማን ነው?

---

ጡረተኛው መምህር

ልክ ነህ፣ አርኖልድ ከሀዲ ነው። ለአዲሱ ወገን ምሎ፣ ሹመት በልቶ፣ ሸጠው። ዊልያም ፍራንክሊን ግን ያልማለበትን ነገር አልካደም። እነዚህን ሁለት ሰዎች በአንድ ቃል መጥራት ይከብደኛል። የአያትህን ሐዘን ግን እረዳለሁ፤ ነፍሱን ይማር።

---

ሃያ ሁለት ጎማ

እኔ ሹፌር ነኝ። ኢንተርስቴት 85ን እንደ ደጄ አውቀዋለሁ። ከሻርሎት ወደ ስፓርታንበርግ ስትወርዱ ኪንግስ ማውንቴን የሚል ምልክት አለ። ለዓመታት አልፌዋለሁ። አንድ ቀን ጭነት ዘግይቶብኝ የሰው መኪና ተውሼ ገባሁ።

ዝም ያለ ጫካ ነው። ቀጭን የእግር መንገድ ኮረብታውን ይዞራል። ኦክቶበር 7፣ 1780 እዚህ በእያንዳንዱ ወገን አንድ ሺህ ያህል ሰው ተዋጋ። አንድ ሰዓት ገደማ ነው የፈጀው። የንጉሡን ወገን የመራው ፓትሪክ ፈርጉሰን የሚባል የስኮትላንድ ሰው ነው። ከእሱ በቀር የተዋጋው በሁለቱም በኩል ማለት ይቻላል የአሜሪካ ሰው ነው። እንግሊዝ የሚባል ጦር እዚያ አልነበረም።

አንድ ነገር አልረሳም። ወታደራዊ ልብስ የለበሰው ጥቂት ስለሆነ መለየት አልቻሉም። ስለዚህ የንጉሡ ሰዎች ባርኔጣቸው ላይ የጥድ ቅጠል ሰኩ። አመፀኞቹ ነጭ ወረቀት ሰኩ። ቅጠሉ ቢወድቅበትስ ብዬ አሰብኩ። ቋንቋው አንድ፣ መልኩ አንድ። ወረቀቱ ከባርኔጣው በነፋስ ቢበር የገዛ ጓደኛው ይገድለዋል።

የንጉሡ ሰዎች ነጭ ጨርቅ አውለብልበው እንኳ መግደሉ ቶሎ አልቆመም። ከዚያ በፊት በሜይ ወር ዋክስሆውስ ላይ የእንግሊዝ ወገን እጅ የሰጡ ሰዎችን ፈጅቷል ተብሎ ነበርና ቂም ነበር። ከሳምንት በኋላ ከምርኮኞቹ ዘጠኙን ሰቀሉ። ጎረቤት ጎረቤቱን ነው የሰቀለው።

ፈርጉሰን እዚያው ተቀብሯል። መቃብሩ የድንጋይ ክምር ነው። መጀመሪያ እንደኛ አገር መንገደኛ ድንጋይ የሚጥልበት ክምር መሰለኝ። ቆሜ አየሁት። መጣልም አለመጣልም ከበደኝ።

---

የፊሊ ነርስ

ሃያ ሁለት ጎማ፣ ወንድሜ፣ ጽሑፍህን ባቡር ላይ ሆኜ ሁለቴ አነበብኩት።

ሁላችሁም ስለ ወንዶች ነው የምታወሩት። እኔ የምኖርበት ከተማ ውስጥ ግሬስ ጋሎዌ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ጆሴፍ ጋሎዌ የፔንሲልቬንያ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የነበረ ትልቅ ሰው ነው። በ1774 ከእንግሊዝ ሳንለይ የራሳችን ፓርላማ ይኑረን የሚል ዕቅድ ለኮንግረሱ አቅርቦ በአንድ ድምፅ ብልጫ ተገፋበት። በአንድ ድምፅ! ከዚያ በኋላ ወደ እንግሊዝ ወገን ገባ። እንግሊዞች ፊላደልፊያን ሲይዙ ከተማዋን አስተዳደረላቸው። በጁን 1778 ለቀው ሲወጡ እሱም ሴት ልጃቸውን ይዞ ሄደ።

ግሬስ ቀረች። ለምን? ቤቱና መሬቱ ብዙው ከአባቷ የወረሰችው ነው። ጥላው ከሄደች ልጇ ባዶ እጇን ልትቀር ነው። እኔ እዚሁ ከቆየሁ አይወስዱብኝም ብላ አሰበች። ሕጉ ግን የሚስትን ንብረት ለባል ነው የሚያየው። ባል ከሀዲ ከተባለ ቤቱ ይወረሳል።

በኦገስት 1778 መጡባት። የመጣው ባለሥልጣን ሠዓሊው ቻርልስ ዊልሰን ፒል ነው፤ የዋሽንግተንን ምስል የሣለው። በሩን ቆልፋ ተቀመጠች። ሰብረው ገቡ። በፈቃዴ ሳይሆን በኃይል ነው የምወጣው ብላ በምስክር ፊት ተናገረች። ከዚያ በኋላ የኖረችው በሰው ቤት ነው። ማስታወሻዋ ውስጥ በዝናብ በእግሯ ስትሄድ የራሷ የነበረው ሠረገላ ሲያልፍ ማየት ምን እንደሚመስል የሚነግር ስሜት አለ። በ1782 ሞተች። ባሏንም ልጇንም ዳግመኛ አላየችም።

ይሄ ለምን ነካኝ መሰላችሁ? የእናቴ ቤት በ67 ሲወረስ እኔ ሕፃን ነበርኩ። እናቴ ቁልፉን በመቀነቷ ቋጥራ ኖረች። በሩ ተቀይሮ፣ ሌላ ሰው ገብቶበት፣ ቁልፉ ግን እሷ ጋ ነበር። ስትታጠብ ትፈታዋለች፣ ስትለብስ መልሳ ትቋጥረዋለች። ለግሬስ ማን ነሽ፣ የማን ወገን ነሽ ብሎ የጠየቃት የለም። የባሏ ወገን ተባለች፣ አለቀ።

---

ጡረተኛው መምህር

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያክብርሽ። መቀነቱ ላይ ቆምኩ፣ ትንሽ ቆይቼ ነው ወደ ታች የወረድኩት።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰው ወገኑን የመረጠው ስለ ንጉሥና ስለ ግብር በማሰብ ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚያየው አጠገቡ ያለውን ነው። በሐድሰን ወንዝ ዳር ሊቪንግስተን የሚባል ትልቅ የባለመሬት ቤተሰብ ነበር። ባለመሬቶቹ ለነጻነት ቆሙ። ጭሰኞቻቸው ግን በ1777 ለንጉሡ ተነሡ! እንግሊዝ ካሸነፈች መሬቱ ለእኛ ይሆናል ብለው ተስፋ አድርገው ነው። አመፁ በጥቂት ቀን ተደመሰሰ። መሬት ላራሹ የሚለው መፈክር ሲጮህ በጆሮው የሰማ የእኔ ትውልድ ሰው ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም።

በካሮላይና ደጋም እንደዚሁ። የባሕር ዳሮቹ ባለ እርሻ ጌቶች ነጻነት ሲሉ፣ እነሱ ሲንቋቸው የኖሩ የወደ ውስጥ ገበሬዎች ብዙዎቹ ንጉሡ ይሻለናል አሉ። የጠላቴ ጠላት ወዳጄ ነው።

የሚወላውለውም ብዙ ነው። በ1776 ማብቂያ የእንግሊዙ አዛዥ ሀው ለንጉሡ የማለ ምሕረት ያገኛል ሲል በኒው ጀርሲ ሺዎች ሄደው ፈረሙ። ወረቀቱን ደጃቸው ላይ ይዘው ቢቆሙም የንጉሡ ወታደሮችና ቅጥር ጀርመኖች ከብቱንም አልጋውንም ዘረፏቸው። ዋሽንግተን ትሬንተን ላይ ሲያሸንፍ ከእነዚያው ሰዎች ብዙዎቹ ተመልሰው ወደ እሱ ዞሩ። ፈሪ ልትሏቸው ትችላላችሁ። እኔ ልጆቹ የሚያድሩበት ጎጆ ያለው ሰው ነው የሚታየኝ።

---

የሃሊፋክስ በረዶ

ከካናዳ ነኝ። እስካሁን ያልተነሣ ነገር ስላለ ልጻፍ፤ ለእኛ ለሐበሾች ደግሞ በስሙ ብቻ እንኳ የሚያስደነግጥ ነው።

የቨርጂኒያው የንጉሥ ገዥ ሎርድ ደንሞር በኖቬምበር 1775 አዋጅ አወጣ። የአመፀኛ ባሪያ የሆነ፣ መሣሪያ መያዝ የሚችል፣ ወደ ንጉሡ ጦር የመጣ ሰው ነጻ ነው አለ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ መቶዎች ሌሊት እየተጓዙ፣ በጀልባ እየቀዘፉ መጡ። ከእነሱ የተቋቋመው ጦር ስሙ ማን ተባለ መሰላችሁ? የኢትዮጵያ ሬጅመንት!

አገራችንን አውቀውት አይደለም። በዚያ ዘመን ፈረንጆች ጥቁርን ሁሉ ከመጽሐፍ ቅዱስና ከግሪኮች በወረሱት ቃል ኢትዮጵያዊ ይሉ ነበር። ግን አስቡት። ደረታቸው ላይ «ነጻነት ለባሮች» የሚል ጽሑፍ ነበር ይባላል። ጌቶቻቸው «ነጻነት ወይም ሞት» ሲሉ እነሱም ያንኑ ቃል ይዘው በተቃራኒው ወገን ቆሙ።

መጨረሻቸው ግን መራራ ነው። በ1776 ግዊንስ በምትባል ደሴት ላይ ፈንጣጣ ገባባቸው። ከጥይት ይልቅ ፈንጣጣ ነው የጨረሳቸው።

ከጦርነቱ በኋላ በ1783 ኒው ዮርክ ላይ ሺዎች ጥቁሮች ከእንግሊዝ ጦር ጋር ነበሩ። የሰላም ስምምነቱ እንግሊዞች የአሜሪካኖችን ንብረት ይዘው እንዳይወጡ ይላል። ንብረት ሲል ባሮችንም ነው። ዋሽንግተን በሜይ ወር የእንግሊዙን አዛዥ ጋይ ካርልተንን አግኝቶ መልሱ አለው። ካርልተን ነጻነት ቃል የገባንላቸውን አንመልስም አለ። ስማቸውን ግን አስመዘገበ። መዝገቡ ዛሬም አለ። «የኔግሮዎች መዝገብ» ይባላል። 3,000 ያህል ስም፣ ዕድሜ፣ መልክ፣ የማን ባሪያ እንደነበረ፣ በየትኛው መርከብ እንደሄደ።

ቦስተን ኪንግ የሚባል አናጺ ከእነሱ አንዱ ነው። ሕይወቱን ራሱ ጽፎ ትቶልናል። ጌቶች ሊወስዷችሁ ነው የሚል ወሬ ኒው ዮርክ ሲደርስ እንቅልፍና ምግብ እንደጠፋቸው ይናገራል። ሰዎች በየመንገዱ፣ አንዳንዶች አልጋቸው ላይ እንዳሉ ይያዙ ነበር።

መዝገቡ ውስጥ ሃሪ ዋሽንግተን የሚል ስም አለ። ዕድሜ 43። በጋምቢያ ወንዝ አካባቢ የተወለደ፣ ማውንት ቨርነን ላይ የጆርጅ ዋሽንግተን ፈረሶች ጠባቂ የነበረ። አንዴ አምልጦ ተይዟል። በ1776 እንደገና አመለጠ። ወደዚህ ወደ ኖቫ ስኮሺያ መጣ፤ በርችታውን ሰፈረ።

በርችታውን ሄጃለሁ። ድንጋይና ረግረግ ነው። የመጀመሪያውን ክረምት ብዙዎቹ መሬት ቆፍረው፣ ከላይ ግንድና ቅርንጫፍ ከድነው ነው ያለፉት። እኔ የመጀመሪያ ክረምቴን በሙቀት ማሞቂያ ቤት ውስጥ ሆኜ አልቅሻለሁ። በጁላይ 1784 ደግሞ ሥራችንን በርካሽ ወሰዱብን ያሉ የተበተኑ ነጭ ወታደሮች የጥቁሮችን ቤት እየጎተቱ አፈረሱ። አብረዋቸው ለንጉሡ የተዋጉ ሰዎች ናቸው ይህን ያደረጉት።

በ1792 1,200 ያህል ሰው በ15 መርከብ ወደ ሴራሊዮን ሄዶ ፍሪታውንን መሠረተ። ሃሪም ሄደ። እዚያ ደግሞ የሚያስተዳድረው የእንግሊዝ ኩባንያ በመሬታቸው ላይ ግብር ጣለ። በ1800 አመፁ። ሃሪ ከአመፀኞቹ ጋር ተይዞ ከሰፈሩ ተባረረ።

እንግዲህ የአርበኛ የልጅ ልጅ፣ ወንድሜ፣ ሃሪን ማን ትለዋለህ?

---

ጥያቄ አለኝ

በጣም ደስ የሚል ጽሑፍ ነው፤ ግን እንግሊዞችን መልአክ አናድርጋቸው። ደንሞር ራሱ ባሪያ ነበረው። አዋጁ የአመፀኞችን ባሮች ብቻ ነው ነጻ ያወጣው። የንጉሡ ታማኝ ጌታ ያለው ባሪያ ባሪያ ሆኖ ቀረ። ታማኞቹ ሲሰደዱ ብዙ ሺህ ባሮች አስከትለው ወደ ባሃማስና ጃማይካ ሄደዋል። በ1781 ዮርክታውን ላይ ምግብ ሲያልቅ የእንግሊዝ ጦር የታመሙትን ጥቁሮች ከምሽጉ አስወጥቶ ጫካ ውስጥ ጣላቸው። ቃል የገባላቸው እሱ ነበር።

በሌላው በኩል ደግሞ ወደ 5,000 ጥቁሮች ከአሜሪካኖቹ ጋር ተዋግተዋል። ሮድ አይላንድ በ1778 ለተመዘገበ ባሪያ ነጻነት ሰጥታለች። ጄምስ የሚባል የቨርጂኒያ ባሪያ ከአሜሪካኖቹ ጋር ለተሰለፈው ፈረንሳዊ ጄኔራል ለላፋየት እየሰለለ የእንግሊዝን ምስጢር ያወጣ ነበር። ለነጻነቱ ግን እስከ 1787 መጠበቅ ነበረበት።

እኔ እንደሚመስለኝ ጥቁሮቹ ለንጉሥም ለኮንግረስም ታማኝ አልነበሩም። ነጻ የሚያወጣቸውን ነው የተከተሉት።

---

ሮቸስተር ነኝ

ስለ ነባሮቹ ሕዝቦች ማንም አላነሣም፤ ባጭሩ ልበል። እኔ የምኖርበት አካባቢ የስድስቱ ነገዶች ኅብረት አገር ነበር። መቶዎች ዓመት አብረው የኖሩ ናቸው። ጦርነቱ ከፈላቸው። ሞሆክና ሴኔካ፣ ካዩጋና አብዛኛው ኦኖንዳጋ ወደ እንግሊዝ፤ ኦኔይዳና ቱስካሮራ ወደ አሜሪካ።

ኦገስት 6፣ 1777 ኦሪስካኒ ላይ እርስ በርስ ተዋጉ። ሃን ዬሪ የሚባል የኦኔይዳ ተዋጊ እጁ አንጓው ላይ ተመታ። ሚስቱ አጠገቡ ቆማ ጠመንጃውን እያጎረሰች ሰጠችው። ከዚያ በኋላ ሞሆኮች የኦኔይዳን መንደር አቃጠሉ፤ ኦኔይዳዎች የሞሆኮችን ቤት ዘረፉ።

በ1779 ዋሽንግተን የላከው የሰለቫን ጦር ወደ 40 መንደር አቃጠለ። በቆሎውን በእሸቱ አጨደ። የፍራፍሬ ዛፎቹን ቆረጠ። በ1783ቱ ስምምነት ላይ ግን ስማቸው እንኳ አልተነሣም። እንግሊዝ ያለ እነሱ ፈቃድ መሬታቸውን ፈርማ ሰጠች። ለአሜሪካ የተዋጉት ኦኔይዳዎችም ቢሆኑ ብዙ ሳይቆይ አብዛኛውን መሬታቸውን ለኒው ዮርክ ለቀቁ።

---

የአርበኛ የልጅ ልጅ

የሃሊፋክሱ ወንድሜ ለጠየቅኸኝ መልስ ሳላስብ ልጽፍ አልፈለግኩም። ሁለት ቀን አሰብኩበት።

ሃሪ አርበኛ ነው። ሌላ ቃል የለኝም። ጌታው ነጻነት ሲል የራሱን ነጻነት ፍለጋ ሄደ፤ እዚያም ሲጭኑበት እንደገና አመፀ። አርኖልድ ላይ ግን አልለወጥም።

የአያቴን ወንድም ግን ማንም ለምን እንደገባ ጠይቆት አያውቅም። እኔም አልጠየቅኩም። አሁን የሚጠየቅ ሰው የለም።

---

የፖቶማክ ዳር (ክሩን የጀመረ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መምህር፣ በተለይ እርስዎን።

የሃሊፋክስ በረዶን ጽሑፍ ካነበብኩ በኋላ ቅዳሜ ልጄን ይዤ ማውንት ቨርነን ሄድኩ። ከቤቴ ሩቅ አይደለም። አሥር ዓመቷ ነው። ቤቱን አየን፣ የፈረስ ጋጣውን አየን። ሃሪ እዚህ ይሠራ ነበር አልኳት። ከዚያ ወደ ወንዙ ወረድን።

አንድ ነገር ልጨምርላችሁ። በኤፕሪል 1781 «ሳቬጅ» የምትባል የእንግሊዝ የጦር መርከብ በፖቶማክ ወጥታ እዚህ ቆመች። ዋሽንግተን ጦር ሜዳ ነበር። ቤቱን የሚጠብቀው ዘመዱ ለንድ ዋሽንግተን ነው። ቤቱ እንዳይቃጠል ፈርቶ ለእንግሊዞቹ ስንቅ ይዞ መርከቧ ላይ ወጣ። ዋሽንግተን ሲሰማ በጣም ተቆጣ፤ ቤቴን አቃጥለው እርሻዬን ቢያወድሙት ይሻለኝ ነበር ብሎ ጻፈለት። የጦር አዛዡ ቤት ውስጥ እንኳ ሰው እንዲህ ነበር። አንዱ ለጣራው ሲፈራ፣ ያንኑ ቀን ከዚያው ግቢ 17 ባሮች መርከቧ ላይ ወጡ። አሥራ አራት ወንድ፣ ሦስት ሴት። ሰባቱን ዋሽንግተን በኋላ አስመልሷል።

ከሦስቱ ሴቶች አንዷ ኒው ዮርክ ደርሳለች። ስሟ መዝገቡ ላይ አለ። ዕድሜ 20፣ ፊቷ ላይ የፈንጣጣ ጠባሳ አለ፣ ቀድሞ የጄኔራል ዋሽንግተን ባሪያ። ከባሏ ጋር ወደ ኖቫ ስኮሺያ በሚሄድ መርከብ ወጥታለች።

ውኃው ዳር ቆመን ስሟን ለልጄ ነገርኳት። ዲቦራ።

«እንደ አክስቴ?» አለችኝ።

አዎ አልኳት። እንደገና በለው አለችኝ፣ እንደገና አልኩት። ከዚያ ወንዙን እያየች ቆመች፣ መርከቧ የቆመችው የቱ ጋ ነው አለችኝ፣ እኔም በጣቴ አሳየኋት።